ጥይት ሲወደድ፦ ያለውን ማቆየት ወይስ ቀለህ መሙላት?

ፈቃድ ያለው ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ሲገናኙ ወሬው አንድ ሆኗል። ጥይት የለም። ካለም አይቀመስም። ወሬው ትንሽ እንደሞቀ አንዱ ስልኩን ያወጣና ቪዲዮ ያሳያል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰውዬ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ የተተኮሰ ቀለህ እየሞላ እንደ አዲስ ይደረድረዋል። «ታዲያ እኛ ምን ያቅተናል?» ይባላል፣ ቡናው እየቀዘቀዘ።

መልሱን ከአሁኑ ልንገርዎት። አዲስ አበባ ላይ ቤት ውስጥ ጥይት መሙላት አይሆንም። ሕጉ አይፈቅድም። ሕጉን ለጊዜው ወደ ጎን ብናደርገው እንኳ፣ እኛ ጋ ያለው አብዛኛው ቀለህ ለመሙላት አይመችም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች በደንብ እንገባበታለን። ከዚያ በፊት ግን እጃችን ላይ ያለውን እናድን። እኔ እንዳየሁት ብዙ ሰው ጥይት የሚያጣው ተኩሶ ጨርሶ አይደለም። ወይ በአያያዝ ይበላሽበታል፣ ወይ ሰማይ ላይ ይበትነዋል።

መጀመሪያ ወረቀቱ

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከፈቃዱ ነው። ፈቃድዎን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። የመሣሪያው ዓይነትና ቁጥር ጠመንጃው ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆኑን ቁጥር በቁጥር ያመሳክሩ። የማደሻ ጊዜው እንዳላለፈም ይዩ።

አድራሻውን አይርሱት። ከፒያሳ፣ ከዶሮ ማነቂያ፣ ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማት የተነሳው ሰው ብዙ ነው። ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ ሄደ፣ ጠመንጃውም ከፍራሹ ጋር ተጠቅልሎ አብሮ ሄደ። ፈቃዱ ላይ ያለው አድራሻ ግን የድሮው ነው። ይህንን ሳይጠየቁ ቀድመው ያስተካክሉ። አባት ወይም አጎት ያረፈበት ቤትም እንዲሁ። ፈቃዱ በሟች ስም ነው፤ ጠመንጃው ከቤት ዕቃው ጋር አብሮ ለልጅ አያልፍም። ከአርባው በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

ከዚያ ፈቃዱን ወደ ሰጠዎት ጽሕፈት ቤት በአካል ይሂዱ። ጠመንጃውን ይዘው ሳይሆን ወረቀቱን ብቻ ይዘው። ሁለት ነገር ይጠይቁ። ስንት ጥይት መያዝ ይፈቀድልኛል? ከየት ነው በሕጋዊ መንገድ የማገኘው? መልሱን ከጎረቤት አይውሰዱ፤ ጎረቤት የሚያውቀው የድሮውን ነው።

«አንድ ልጅ አለ፣ ያመጣልሃል» የሚባለውን ነገር ተዉት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 481 የሚይዘው ሻጩን ብቻ አይደለም። ከሕግ ውጪ የሚገዛውን፣ የሚቀበለውን፣ የሚያከማቸውንም ይይዛል። በዚያ ላይ የልጁ ጥይት የት እንደከረመ አይታወቅም። ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ የወጣ ሊሆን ይችላል። ውድ ከፍለው የማይተኮስ ነገር ይዘው ይገባሉ።

ቆጥረው ይለዩ፣ ቂጡን ያንብቡ

በቀን ብርሃን ያድርጉት። ልጆች ቤት የሌሉበትን ሰዓት ይምረጡ። ጠመንጃውን መጀመሪያ ባዶ ያድርጉ። ካዝናውን ያውጡ፣ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ይሳቡ፣ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይን ይዩ፣ ከዚያ በትንሽ ጣት ይዳስሱ። ዓይን ብቻውን ይሸወዳል፤ ጨለማ ቦታ ነው። ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ጠመንጃውን ሌላ ክፍል ቆልፈው ወደ ጠረጴዛው ይመለሱ።

አሁን ነጭ ጨርቅ ዘርግተው ጥይቶቹን ይደርድሩ። አንዱን አንስተው ቂጡን ወደ ብርሃን ያዙሩት። ዙሪያውን የተመታ ቁጥር አለ። በሶቪየት ጥይት ላይ አንዱ ቁጥር ፋብሪካው ነው፣ ሌላው የተሠራበት ዓመት። ለምሳሌ 17 ካዩ ባርናውል የሚባለው የሳይቤሪያ ፋብሪካ ነው፤ 539 ከሆነ ቱላ ነው። ከሥሩ 75 ካለ ጥይቱ በ1975 በፈረንጅ አቆጣጠር ተሠርቷል ማለት ነው። የእኛ ሰው ቤት ውስጥ ከባለቤቱ ልጅ የሚበልጥ ጥይት ማግኘት ብርቅ አይደለም። ዕድሜው ብቻውን ችግር የለውም። ደረቅ ቦታ የቆየ የ1975 ጥይት፣ እርጥበት ካገኘው የትናንት ጥይት ይሻላል።

አንድ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። «ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት ነው» ሲባል ብዙ ሰው ይበቃዋል። አይበቃም። የክላሽ ጥይት 7.62 በ39 ነው። የኤም 14 ጥይት 7.62 በ51 ነው። የሞሲን ናጋንት፣ የፒኬኤም እና የድራጉኖቭ ደግሞ 7.62 በ54 ሲሆን ቂጡ ላይ ወጣ ያለ ከንፈር አለው። ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁ ርዝመት በሚሊሜትር ነው። አንዱ በሌላው ቦታ አያገለግልም፤ በግድ የሚያስገባ ሰው ደግሞ ጣቱን ይዞ አይመለስም። በንጉሡ ዘመን ከአሜሪካ የመጡ ኤም 1 ጋራንዶች ሌላ ጥይት ነው የሚወስዱት፤ 30-06 ይባላል፣ ቀለሁ 63 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ በማስመሪያ ይለኩ። ርካሽ ነው ተብሎ የማይሆን ጥይት መግዛት ከሁሉ የከፋ ኪሳራ ነው።

ለየት ለየት አድርገው ሦስት ቦታ ያስቀምጡ። ንጹሑን አንድ ቦታ። ጥርጣሬ ያለበትን አንድ ቦታ። የማይሆነውን አንድ ቦታ። የማይሆን የምለው እንዲህ ያለውን ነው፦ ጫፉ ላይ ያለው አረር በጣት ሲነካ የሚንቀሳቀስ፣ ወደ ውስጥ የገባ ወይም የተንጋደደ፣ ቀለሁ የተሰነጠቀ ወይም የተጨፈለቀ፣ ቂጡ መሐል ያለችው እሳት ሰጪ ቆብ ወደ ውጪ ያበጠች፣ ዝገቱ በጨርቅ ሲጠረግ ሥሩ ጉድጓድ የሠራ። ቀለል ያለ አረንጓዴ ብቻ ከሆነ በደረቅ ጨርቅ ይጠርጉት። አይፈግፍጉት፣ በአሸዋ ወረቀት አይንኩት።

የማይሆነውን ቆሻሻ ገንዳ አይጣሉት፣ ወንዝ አይክተቱት፣ እሳት አጠገብ አያድርሱት። ሊስትሮውም፣ ቆራሌውም፣ የሠፈሩም ልጅ ያገኘዋል። ፖሊስ ጣቢያ ደውለው ወይም ሄደው «የተበላሸ ጥይት አለኝ፣ ላስረክብ» ይበሉ። አስረክቤያለሁ የሚል ወረቀት ይቀበሉ።

በመጨረሻ ደብተር ያውጡና የቀረውን ይጻፉ። ዓይነት፣ ቂጡ ላይ ያለው ቁጥር፣ ብዛት፣ ቀን። ይኸው ነው።

ማስቀመጫው

እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚተርፈው።

የአባቶቻችን ዝናር ቆዳ ነው። ያምራል፣ ለፎቶም ይሆናል። ጥይት ለማስቀመጥ ግን ዋና ጠላት ነው። ቆዳ ሲለፋ የገባበት አሲድ አለ፤ እሱ ከክረምቱ እርጥበት ጋር ሆኖ ናሱን ይበላዋል። አንድ ያረጀ ዝናር ውስጥ ከርሞ የወጣ ጥይት አይተው ከሆነ ያውቁታል። ቆዳው የያዘው ቦታ ላይ ብቻ እንደ ቀለበት የዞረ አረንጓዴ ዝቃጭ አለው፤ ከላይም ከታችም ናሱ ያብረቀርቃል። ዝናሩን ግድግዳ ላይ ይስቀሉት። ጥይቱን ያውጡት።

ዘይት አይቀቡት። ይህ የብዙ ሰው ልማድ ነው። ጠመንጃ ዘይት ስለሚወድ ጥይትም የሚወድ ይመስላል። ዘይት በእሳት ሰጪዋ ቆብ ዙሪያ ቀስ ብሎ ይገባና ውስጡን ያረጥበዋል። ከዓመት በኋላ ምላጭ ሲስቡ «ቀጭ» ብቻ ይላል።

ቦታውን ሲመርጡ ሦስት ነገር ያስቡ። ደረቅ፣ ሙቀቱ የማይዋዥቅ፣ የሚቆለፍ። ቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ ቆጥ አይሆንም፤ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ያ ደግሞ ላብ ያመጣል። ወጥ ቤት አይሆንም። ከሰል ምድጃ የሚቀመጥበት አልጋ ሥር ጭራሽ አይሆንም። ውጪውን ግድግዳ የሚነካ ቁም ሳጥን በሐምሌና በነሐሴ ሻጋታ ያወጣል፤ ልብስዎ ላይ ያዩት ሻጋታ ጥይቱም ላይ አለ ብለው ይያዙ። የሚመቸው የቤቱ መሐል ግድግዳ ላይ ያለ ቁም ሳጥን ወለሉን የማይነካ መደርደሪያ ነው።

ክዳኑ ዙሪያውን ጎማ ያለው የብረት ሣጥን ጥሩ ነው። ውስጡ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ይጨምሩ። ክረምት ሲገባና ሲወጣ ይቀይሯቸው። ጥይቱን በወረቀት ካርቶን ወይም በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይጠቅልሉ። የላብ እጅ አይንካው። ቁልፉ ከጠመንጃው ቁልፍ የተለየ ይሁን። ጠመንጃና ጥይት አንድ ቦታ አይደሩ።

ሊጠቀሙ ሲሆን ከአሮጌው ይጀምሩ። አዲሱን ለክፉ ቀን ብለው ያቆዩ። ብዙ ሰው ግን የሚያብረቀርቀውን ቀድሞ ይጨርሳል።

ሰማዩን ተዉት

ክፍለ ሀገር ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ፉከራው ሲሞቅ ጥይት ማስጮህ ልማድ ነው። ልማዱን ማንቋሸሽ አልፈልግም። ግን ቁጥሩን ደብተርዎ ላይ ይጻፉት። አንድ ሠርግ ላይ የሚባክነው ጥይት ብዙ ጊዜ በአንድ ዓመት ከሚያስፈልግዎ ሁሉ ይበልጣል። ወደ ላይ የሄደ አረርም ይወርዳል። ሰው ይገድላል። ከተማ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ወዲያው ፖሊስ የሚያመጣ፣ ፈቃድዎንም የሚያሳጣ ወንጀል ነው። አገር ቤት ለሠርግ የሚሄዱ ከሆነ ጠመንጃውን አዲስ አበባ ቆልፈው ይሂዱ። ሽለላው ያለ ጥይትም ይሞቃል።

ያለ ጥይት መለማመድ

ጥይት ለልምምድ የማይተርፈው ሰው እጁን የሚያፍታታበት መንገድ አለ። በዓለም ላይ ያሉ ብዙ የኢላማ ስፖርተኞች በባዶ ጠመንጃ ይለማመዳሉ።

ጥይቱ በሙሉ ከክፍሉ ይውጣ፣ በሩም ይዘጋ። ጠመንጃውን ከላይ እንዳልኩት በዓይንም በጣትም ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። የሚያነጣጥሩበት ግድግዳ ድንጋይ ወይም ወፍራም ብሎኬት ይሁን፤ ከኋላው ሰው የሚተኛበት ክፍል አይሁን። የኮንዶሚኒየም ቀጭን ግድግዳ ለዚህ አይሆንም። መጋረጃውን ይዝጉ። ጎረቤት በመስኮት ጠመንጃ የያዘ ሰው ካየ ደንግጦ ፖሊስ ቢጠራ አይፈረድበትም።

ወረቀት ላይ ትንሽ ጥቁር ክብ ሠርተው ግድግዳው ላይ ይለጥፉ። ተደግፈው ያነጣጥሩ። ትንፋሽዎን ግማሽ አስወጥተው ይያዙ። ምላጩን በጣትዎ የመጀመሪያ አንጓ መሐል ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይጫኑ። መቼ እንደሚለቅ ራስዎ ማወቅ የለብዎትም። ሲለቅ የፊት ማነጣጠሪያው ከክቡ ላይ ተንቀሳቀሰ? እሱ ነው የሚያስትዎት፤ ጥይቱ አይደለም።

ይህ ከቀለለዎት ሰው ይጥሩና አፈሙዙ ጫፍ አካባቢ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም እንዲያስቀምጥልዎ ያድርጉ። ሳንቲሙን የሚያስቀምጠው ሰው ከጎን ይቁም፣ ከፊት በፍጹም አይለፍ። ምላጩ ሲለቅ ሳንቲሙ ካልወደቀ እጅዎ ተገርቷል። የመጀመሪያ ቀን ይወድቃል፣ ይንኳለላል፣ ሶፋ ሥር ይገባል። በሳምንት ውስጥ ይሻሻላል። ሲጨርሱ ጠመንጃውን መጀመሪያ ይቆልፉ፣ በሩን ከዚያ ይክፈቱ። አደጋ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ልምምዱ ካለቀ በኋላ «አንድ ብቻ ልጨምር» ሲባል ነው።

ማነጣጠሪያ ማስተካከል ግን ያለ ጥይት አይሆንም። ይህ በተፈቀደ የተኩስ ቦታ ብቻ የሚሠራ ነው። እዚያም ቆጣቢ መንገድ አለ። የሶቪየት ሠራዊት የክላሽ መመሪያ አራት ጥይት ብቻ ነው የሚጠይቀው። በ100 ሜትር ተደግፎ አራት በነጠላ ይተኮሳል። ሦስቱ 15 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ካረፉ መካከላቸው ይፈለግና ማስተካከያው ከዚያ ይሠራል። አንድ እየተኮሱ አንድ እያስተካከሉ መሄድ ጥይት ይጨርሳል፣ ማነጣጠሪያውንም ያባብሳል።

ተኩሰው እሳቱ ካልተነሣ አፈሙዙን አደጋ ወደሌለበት አቅጣጫ እንደያዙ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ዘግይቶ የሚነሣ አለ። ድምፁ ከወትሮው ያነሰ፣ የታፈነ ከሆነ ደግሞ ወዲያው ያቁሙ። አረሩ አፈሙዙ መሐል ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ጥይት ከኋላው ከመጣ ጠመንጃው ይፈነዳል።

ማጽዳት በውኃ

ይህን ሳነሣ የሚከራከረኝ ሰው አይጠፋም። ብዙ የድሮ የምሥራቅ አገር ጥይት እሳት ሰጪው ውስጥ ሲነድ ጨው የሚተው ኬሚካል አለው። ጨው እርጥበት ይስባል፤ በማግሥቱ አፈሙዙ ውስጥ ቀይ ዝገት ይጀምራል። በናፍጣና በላምባ የሚያጸዳ ሰው ጥቀርሻውን ያወጣል፣ ጨው ግን በዘይት አይሟሟም። በውኃ ነው የሚሟሟው። ስለዚህ መጀመሪያ የሞቀ ውኃ የነካ ጨርቅ በአፈሙዙ ውስጥ ደጋግመው ያሳልፉ። በደረቅ ጨርቅ ያድርቁ። ዘይቱ ከዚያ ይምጣ፣ ስስ ሆኖ። ክላሽ ከሆነ ጋዙ የሚያልፍበትን ክፍልም አይዝለሉ። የተበላ አፈሙዝ ኢላማ አይመታም፤ ኢላማ የማይመታ ጠመንጃ ደግሞ ጥይት በላተኛ ነው።

አሁን ወደ መሙላቱ

ጥይት አራት ነገር ነው። ቀለህ፣ ባሩድ፣ አረር እና ቂጡ ላይ ያለችው እሳት ሰጪ ቆብ። ሲተኮስ ባሩዱና አረሩ ይሄዳሉ፣ ቆቧ ተቃጥላ ታልቃለች፣ ቀለሁ መሬት ላይ ይቀራል። ከአራቱ ብዙውን ጊዜ ውዱ ቀለሁ ነው። የመሙላት ሐሳብ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ውጅግራ፣ ያ የ1874ቱ የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ 11 ሚሊሜትር አፍ ያለው ትልቅ የናስ ቀለህ ነበረው። በምኒልክ ዘመን ጥይት ራሱ ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን ገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ይሠራ ነበር። ገንዘብ የሆነ ነገር ደግሞ ባዶውም ቢሆን አይጣልም።

በተፈቀደበት አገር ሥራው እንዲህ ነው። ቀለሁ ይታጠባል፣ በአጉሊ መነጽር ይታያል። በመጫኛ ማሽን ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል፤ ሲተኮስ ያብጣልና። ያረጀችው ቆብ ተገፍታ ትወጣለች፣ አዲስ ትገባለች። ባሩዱ አምራቹ ባሳተመው መጽሐፍ መሠረት ይመዘናል። ሚዛኑ የሚያነበው በግሬን ነው፤ አንድ ግሬን 0.065 ግራም ገደማ ነው። አረሩ ይቀመጣል፣ ጠቅላላ ርዝመቱ ይለካል። ከዚህ በላይ ዝርዝር እዚህ አልጽፍም። ጉዳዩ ከመጽሐፉና ከሠለጠነ ሰው ጋር የሚሠራ ነው።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? አንድ የመኪና ጎማ ሁለት ተኩል ባር አካባቢ አየር ይይዛል። የክላሽ ጥይት ሲተኮስ ቀለሁ ውስጥ የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በአውሮፓ መለኪያ 3,550 ባር ነው። ያ ግፊት የሚፈጠረው ጉንጭዎ ከተደገፈበት ቦታ ጥቂት ሳንቲሜትር ራቅ ብሎ ነው። ባሩድ ደግሞ ሁሉ አንድ አይደለም። ፈጥኖ የሚነድ አለ፣ ዘግይቶ የሚነድ አለ። መልካቸው ሊመሳሰል ይችላል። ከአንዱ ጥይት አውጥቶ ሌላው ውስጥ መገልበጥ፣ ወይም «አገር ቤት የሚሠራ ባሩድ አለ» ብሎ መጨመር፣ ጠመንጃውን ቦምብ ማድረግ ነው።

አሁን የተተኮሰ የክላሽ ቀለህ ካለዎት አንድ ነገር ያድርጉ። ማግኔት ያስጠጉበት። ከተሳበ ቀለሁ ብረት ነው፣ ላዩን ቀለም ወይም ስስ ናስ ተቀብቷል። ናስ ተለጥጦ ይመለሳል፤ ብረት በዚያ ልክ አይመለስም፣ መሣሪያውንም ያደክማል። ቀጥሎ የስልክዎን መብራት በቀለሁ አፍ ወደ ውስጥ ያብሩና ታችኛውን ይዩ። መሐሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ካለ በእንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰር ስም የሚጠራው ዓይነት ነው፤ በቀዳዳው መርፌ አስገብቶ ያረጀችውን ቆብ መግፋት ይቻላል። ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳ ግራና ቀኝ ካዩ ግን በአሜሪካዊው ሂራም በርዳን ስም የሚጠራው ነው። መሐሉ ድፍን ነው፣ መርፌው የሚገባበት የለም። የሚገርመው ነገር አሜሪካኖቹ ዛሬ የሚጠቀሙት የእንግሊዙን ነው፣ የአሜሪካው ደግሞ በምሥራቅ አውሮፓና በቻይና ጥይት ላይ ነው የቀረው።

እኛ ጋ የሚገኘው የክላሽ ቀለህ በአብዛኛው ብረትም ነው፣ ባለ ሁለት ቀዳዳም ነው። የአሜሪካው ሰውዬ ቪዲዮው ላይ የሚሞላው ግን ባለ አንድ ቀዳዳ ናስ ነው። ቪዲዮው ይህንን አይነግርዎትም።

ሕጉ ደግሞ አለ። ጥይት ማምረት እዚህ አገር የመንግሥት ፋብሪካ ሥራ ነው፤ አምቦ አካባቢ ያለውን ሆሚቾን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ግለሰብ ቤቱ ባሩድ፣ ቆብና መጫኛ ማሽን ይዞ ቢገኝ «ለራሴ ነው» ብሎ የሚያመልጥበት በር የለም። የጠቀስኩት አንቀጽ 481 ከሕግ ውጪ መሥራትንም በስሙ ያነሣል።

ቨርጂኒያ ወይም ሚኔሶታ ሆነው ይህን የሚያነቡ አሉና ለእነሱም ትንሽ ልበል። እናንተ ጋ ይፈቀዳል፤ ያዋጣል ወይ ነው ጥያቄው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2020፣ በኮቪድ ጊዜ፣ አሜሪካ ውስጥ ጥይት ከመደርደሪያ ጠፍቶ ነበር። በዚያ ዓመት በኤፍቢአይ በኩል የተደረገው የመሣሪያ ገዢ ማጣሪያ ወደ 40 ሚሊዮን ደረሰ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። በሐምሌ ወር ደግሞ የጠመንጃና የጥይት አምራቹ ሬሚንግተን ኪሳራ አወጀ። ሰው ሁሉ «እሞላለሁ» ብሎ ሲነሣ እሳት ሰጪ ቆብም አብሮ ጠፋ። በነሐሴ 2021 አሜሪካ በሩሲያዊው የተቃዋሚ መሪ በናቫልኒ መመረዝ ምክንያት በሩሲያ ጥይት ላይ የማስገቢያ ማዕቀብ ጣለች፤ ርካሹ ባለ ብረት ቀለህ የክላሽ ጥይት በብዛት ይመጣ የነበረው ከዚያ ነው። የዩክሬን ጦርነት ከተጀመረ በኋላ ደግሞ የባሩድ ጥሬ ዕቃ የሆነው ናይትሮሴሉሎስ በዓለም ላይ አጠረ። ስለዚህ መሙላት ከእጥረት አያወጣም። የሚሞላውም ሰው ሌላ ወረፋ ላይ ነው የሚቆመው።

በእኔ አስተያየት ክላሽ ለሚተኩስ ሰው አያዋጣም፤ የፋብሪካው ጥይት እዚያ ከርካሾቹ አንዱ ነው፣ ማሽኑ ገንዘቡን እስኪመልስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ትልልቅ የአደን ጥይት የሚተኩስ፣ ለምሳሌ 375 ኤች ኤንድ ኤች፣ ቶሎ ይመለስለታል። ጀማሪ ከሆኑ የሚያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጠው ይማሩ። የሌላ ሰው እጅ የሞላውን ጥይት አይተኩሱ፣ ዘመድም ቢሆን። ልጅ ባለበት ክፍል አይሥሩ፤ የተተኮሰ ቀለህ አቧራ እርሳስ አለበት፣ እጅም ሳይታጠብ እንጀራ አይቆረስም።

በሻንጣ ይምጣልኝ?

ይህ ጥያቄ በየበዓሉ ይመጣል። «ከአሜሪካ የሚመጣው ልጅ ባሩድና ቆብ ቢያመጣልኝስ?» አያመጣም። ባሩድና እሳት ሰጪ ቆብ በመንገደኛ ሻንጣ፣ በእጅም በጭነትም፣ ፈጽሞ አይፈቀድም። የተሠራ ጥይት እንኳ በዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ደንብ ለራስ መጠቀሚያ ለአንድ መንገደኛ ከ5 ኪሎ በላይ አይሆንም፤ አየር መንገዱ ቀድሞ መፍቀድ አለበት፣ በጭነት ሻንጣ በአግባቡ ታሽጎ ነው የሚሄደው። ኢትዮጵያ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ከመነሣቱ በፊት የእዚህ አገር ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ቦሌ ላይ የተያዘ ልጅ ገና የእናቱን ደጅ ሳይረግጥ ጣቢያ ያድራል።

የማጽጃ ፈሳሽም አያምጣ፤ ብዙው ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይወጣም። ዘይት እዚሁ አለ። እርጥበት መጣጭ ከረጢት ግን ጠቀም ያለ መጠን ቢያመጣ ጥሩ ነው። እዚህ ከጫማ ካርቶን የምንለቅመው ለአንድ ሣጥን አይበቃም። ክረምት ከመግባቱ በፊት ይድረስ።